የውሻ ጸጉርና የተበጠሰው ክር

በዚህ ዓምድ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ታሪክ ክርክርና ስለ አገር ዕጣ ፈንታ ሲጻፍ ማንበብ ለለመደ ሰው፣ አንድ መሐንዲስ ስለ ውሻ ጸጉር ልጻፍ ብሎ ሲነሣ ነገሩ ቀልድ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። አንድ ወዳጄ ርእሱን ሲሰማ «ምነው፣ የሚጻፍ ጠፋ እንዴ?» ብሎኛል። ይሁን እንጂ የዛሬው ጽሑፌ ከሳሎን ምንጣፍ ላይ ከሚለቀም ጸጉር ተነሥቶ የሚደርሰው አንድ ሕዝብ ዕውቀቱን እንዴት እንደሚያጣ ወደሚለው ጥያቄ ነውና እስከ መጨረሻው ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መቻል» እና እኔ

የምኖረው ሲያትል ነው። በ2021 ልጄ ለብዙ ጊዜ ስትወተውተኝ ከርማ በመጨረሻ እጄን ሰጠሁና አንድ የሳይቤሪያ ሀስኪ ቡችላ ወደ ቤታችን ገባ። እኔ ያደግሁት ውሻ ደጅ በሚያድርበት ቤት ነው። ውሻ ትርፍራፊውን በልቶ አጥር ይጠብቃል፣ ከዚያ አልፎ ምንጣፍ ላይ ሲተኛ አይታይም። ስለዚህ ስለ ውሻ አያያዝ የማውቀው ነገር ቢኖር «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ልጄ ስሙን «ስኖው» አለችው። በ2022 በጋ ሊጠይቁን ከአገር ቤት የመጡት እናቴ ግን ይህን ስም አልተቀበሉትም፤ «መቻል» ብለው ጠሩት። እንደምታውቁት በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ ለጎረቤት፣ ለባልንጀራ ወይም ለቤተሰብ የሚላክ መልእክት ነው። የዚህኛው መልእክት የተላከው ለእኔ መሆኑን ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። ውሻ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር ማየት ለእናቴ ትልቅ ፈተና ነበር።

ፈተናውን ያባባሰው ጸጉሩ ነው። ሀስኪ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል። በየዓመቱ በጸደይና በመኸር፣ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ጸጉሩ እንደ ጭድ ይረግፋል። ከወንበሩ ላይ፣ ከነጠላው ላይ፣ ከቡናው ሲኒ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። እናቴ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ከመነሣታቸው በፊት ነጠላቸውን በመስኮት ብርሃን ዘርግተው አንድ በአንድ ሲለቅሙ አይ ነበር።

እኔም እንደ መሐንዲስ መፍትሔ ፈለግሁ። ነገሩን የሙቀት ማስተላለፍ ጥያቄ አድርጌ አየሁትና፣ በጋ ነው፣ ውሻው ይሞቀዋል፣ ጸጉሩ ቢላጭ እሱም ይቀዘቅዛል እኛም እናርፋለን ብዬ መላጫ ገዝቼ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ላጨሁት። ስሕተት ነበር። ቆዳው በፀሐይ ተቃጠለ፤ ጸጉሩም ሲመለስ ተጎዳጉዶ እንደ ተበላ ማሳ ሆነ። የእንስሳት ሐኪሟ ስታየው ራሷን ነቀነቀችና ከመጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ነገር አስረዳችኝ።

እንዲህ ዓይነት ውሻ ጸጉሩ ድርብ ነው። የላይኛው ረጅምና ጠንካራ ሲሆን ዝናብንና ፀሐይን ይመክታል። የውስጠኛው ደግሞ አጭር፣ ለስላሳና ባዘቶ የመሰለ ሆኖ አየርን በመያዝ ብርድንም ሙቀትንም ይከላከላል። በብዛት የሚረግፈው ይኸው የውስጠኛው ነው። ጊዜውን የሚወስነውም በዋናነት የቀኑ ብርሃን ርዝመት ነው፤ ቀኑ ሲረዝምና ሲያጥር የውሻው ሆርሞኖች ይለዋወጣሉ፣ አሮጌው ጸጉር ለአዲሱ ቦታ ይለቅቃል። በኤሌክትሪክ መብራት ሥር የሚኖር የቤት ውሻ ይህ ምልክት ስለሚደበላለቅበት ዓመቱን ሙሉ በመጠኑ ሲያረግፍ ይታያል።

ስለዚህ መርገፉን ማስቆም አይቻልም። የሚቻለው ጸጉሩ ምንጣፍ ላይ ከመድረሱ በፊት መሰብሰብ ነው። ዛሬ የምሠራው እንደሚከተለው ነው። በአዘቦቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በመርገፊያው ወራት ግን በየቀኑ አበጥረዋለሁ። መጀመሪያ መንሽ በመሰለው ሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ የውስጡን ጸጉር አወጣለሁ፤ ቀጥሎ ጥርሱ ደቃቅ በሆነው ብሩሽ የላዩን አስተካክላለሁ። ማበጠሪያው የሚሄደው ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ሲሆን ቆዳን መጫን አያስፈልግም። ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብትና ከጭኑ ሥር የተቋጠረ ጸጉር ካለ በመቀስ ከመሮጥ ይልቅ በጣት መፍታት ይሻላል። ከመታጠቡ በፊት መበጠር አለበት፤ ምክንያቱም የተቋጠረ ጸጉር ውሃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል። የሚታጠበው ለብ ባለ ውሃና ለውሻ በተሠራ ሻምፑ ነው፤ የሰው ሻምፑ ቆዳውን ያደርቀዋል። ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ መታጠብ፣ ከዚያም የውስጡ ጸጉር ጭምር እስኪደርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እርጥበቱ ከውስጥ ከቀረ ቆዳው ይቆጣል። ጸጉሩ በአንድ ቦታ ተመልጦ ራሰ በራ ካደረገ፣ ውሻው ራሱን አጥብቆ ካከከ ወይም ቆዳው ከቀላ ግን ነገሩ የማበጠሪያ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ወደ ሐኪም ነው።

የእናቴ እንዝርት

አንድ ቀን ከጓሮ ተቀምጬ ሳበጥረው የወጣውን ጸጉር በፌስታል አጠራቅሜ ልጥለው ስል እናቴ አስቆሙኝ። ከሩቅ ሆነው ለብዙ ቀን ሲያዩኝ ኖሯል። ጥቂት አነሡና በሁለት ጣታቸው ሳብ፣ ጠምዘዝ አደረጉት። «ይኼ እኮ ይፈተላል» አሉ።

እናቴ የመንዝ ልጅ ናቸው። መንዝን የሚያውቅ ብርዱን ያውቃል፤ ብርዱን የሚያውቅ ደግሞ ከበግ ጸጉር የሚሠሩትን ባናውን፣ ዝተቱንና በርኖሱን ያውቃል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። እናቴም በልጅነታቸው ከአያቴ ጎን ተቀምጠው የፈተሉ ናቸው። ለካስ ያ ሁሉ ጊዜ ነጠላቸውን ሲለቅሙ እጃቸው ጸጉሩን ሲመዝነው ኖሯል።

ከእንጨት ዘንግና ከአሮጌ ሲዲ እንዝርት ሠራሁላቸው። ጸጉሩን በሞቀ ውሃና በሳሙና ደጋግመው አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት። «ታጥቦ የደረቀ ነገር ምን ርኩሰት አለበት» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። መፍተል ሲጀምሩ ግን ክሩ እየተንሸራተተ ተበጠሰ። ደግመው ሞከሩ፣ ተበጠሰ። ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ይኼ ብቻውን አይያያዝም፤ የሚይዝለት አጋዥ ይፈልጋል» አሉኝና የበግ ጸጉር እንድገዛ አዘዙኝ። ገዝቼ አመጣሁ። ሁለቱን በእጃቸው ባዝተው፣ አመልማሎ አድርገው፣ ፈተሉት። ክሩ ያዘ።

እኔ በምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። የበግ ጸጉር የተጠማዘዘና ቅርፊታማ በመሆኑ እርስ በርሱ እንደሚያያዝ፣ የውሻ ጸጉር ግን ቀጥ ያለና ለስላሳ በመሆኑ እንደሚንሸራተት አንብቤ ማስረዳት እችላለሁ። ክሩን መሥራት ግን አልችልም። እናቴ ደግሞ ስለ ቅርፊቱ አንዳች ሳያነቡ ክሩን ሠሩት። በዚያ በጋ ነገሩን እንደ ጥሩ የቤተሰብ ጨዋታ ቆጥሬ አለፍሁት። የእንቁላል ያህል የምትሆን የክር ኳስ ትተውልኝ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የሱፍ ውሾች አገር

በታኅሣሥ 2023 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት ታተመ። ጥናቱ የሚያወራው እኔ ስለምኖርበት ምድር፣ ደግሞም ስለ ውሻ ጸጉር ነበር። ሳነበው የእናቴ እንዝርት በዓይኔ መጣ።

ሲያትል ስሟን ያገኘችው የዱዋሚሽና የሱኳሚሽ ሕዝቦች መሪ ከነበሩትና በ1866 ካረፉት ሰው ነው። እነዚህ ሕዝቦች ኮስት ሴይሊሽ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩና ዛሬ የዋሽንግተን ግዛትና የካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባሉት ዳርቻዎች የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በግ አልነበራቸውም። ብርዱና ዝናቡ ግን ነበር። ስለዚህ ለጸጉሩ ብለው አንድ የውሻ ዝርያ ያረቡ ነበር። ውሾቹ ነጭና ጸጉረ ብዙ ሲሆኑ እንደ በግ ይሸለታሉ። ከአደንና ከመንደር ውሾች እንዳይዳቀሉ በትንንሽ ደሴቶች ላይ ወይም በአጥር ውስጥ ለብቻቸው ይጠበቃሉ። የሚቀለቡት ዓሣ ነው። ባለቤቶቹም ሴቶቹ ነበሩ፤ የአንዲት ሴት ሀብትና ክብር በውሾቿ ይለካ ነበር።

እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ጆርጅ ቫንኩቨር በ1792 ወደዚህ ባሕር ሲገባ ውሾቹን አይቶ ጽፏል። የፖሜራኒያን ውሻ ይመስላሉ፣ ግን ይተልቃሉ፤ የተሸለቱትም እንደ እንግሊዝ በጎች ከቆዳቸው ተጠግቶ ነው ይላል። የተሸለተው ጸጉር እጅግ የተያያዘ በመሆኑ ከአንድ ጫፍ ይዘው ቢያነሡት እንኳ ሳይበታተን ይነሣ እንደነበርም መዝግቧል። ሠዓሊው ፖል ኬን በ1847 በአካባቢው ካለፈ በኋላ የሣለውና ዛሬ በቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል ደግሞ አንዲት ሴት ብርድ ልብስ ስትሸምን፣ በአጠገቧም አንድ ነጭ ውሻ ያሳያል።

አሁን ልብ በሉ። እነዚህ ሴቶች የውሻውን ጸጉር ከተራራ ፍየል ጸጉር ጋር፣ አንዳንዴም ከዕፅዋት ጭረት ጋር ይቀላቅሉት ነበር። ቅባቱ እንዲለቅም በነጭ አፈር ይወቅጡት ነበር። በ2011 «አንቲኩዊቲ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የድሮ ብርድ ልብሶችን ፕሮቲን መርምሮ በአንዳንዶቹ ውስጥ የውሻና የፍየል ጸጉር ተቀላቅሎ አግኝቷል። እናቴ በሲያትል ጓሮ ተቀምጠው በአንድ ከሰዓት የደረሱበትን መልስ የዚህ አገር ሴቶች ከብዙ ዘመን በፊት ደርሰውበት ነበር ማለት ነው። ማንም ማንን አላስተማረም። ያስተማራቸው ያው ጸጉሩ ነው።

ሙተን የተባለው ውሻ

ዛሬ ያ የውሻ ዝርያ የለም። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጠፍቷል። የቀረው በዋሽንግተን ዲሲ በስሚዝሶኒያን ስብስብ ውስጥ ያለ አንድ ቆዳ ነው። ብዙዎቻችሁ ደጃፉን በምታልፉበት ሙዚየም ማለቴ ነው። ውሻው «ሙተን»፣ ማለትም የበግ ሥጋ፣ ይባል ነበር። ባለቤቱ የአሜሪካና የካናዳን ድንበር ከሚያካልለው ቡድን ጋር የተጓዘው የሕዝቦች ባህል አጥኚ ጆርጅ ጊብስ ነበር። ውሻው በ1859 ሞተና ቆዳው ወደ ሙዚየሙ ተላከ። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2023ቱ ጥናት ዘረመሉ ተነበበ።

የተገኘው ነገር አስደናቂ ነው። የሙተን የዘር ሐረግ ከሌሎች ውሾች የተለየው እስከ 5,000 ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ በሚችል ጊዜ ነው። ሙተን የኖረው አውሮፓውያን ከነውሾቻቸው ከሰፈሩ በኋላ ቢሆንም፣ ከዘሩ 85 በመቶ ያህሉ ከእነርሱ መምጣት በፊት የነበረው ነው። ይህም የሚነግረን ሴቶቹ ዝርያውን እስከ መጨረሻው ድረስ በጥንቃቄ ሲጠብቁት እንደነበር ነው። ከጸጉርና ከቆዳ ጋር የተያያዙ በርካታ ዘረመሎችም በምርጫ የተቀረጹ ሆነው ተገኝተዋል። በእኛ ቋንቋ ስንተረጉመው፣ መጽሐፍ ያልጻፉ፣ ላቦራቶሪ ያልነበራቸው ሴቶች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የምርምር ጣቢያ ሥራ ሠርተዋል ማለት ነው።

ማን ገደለው?

ለመሆኑ ይህ ሁሉ እንዴት ጠፋ? ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው መልስ ቀላል ነበር። የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ርካሽ የፋብሪካ ብርድ ልብስ አመጣ፤ ሰው ውሻ መሸለቱን ተወ፤ ውሻው ከሌሎች ጋር ተዳቅሎ ጠፋ። በአጭሩ ገበያው ገደለው ነው።

እንደ መሐንዲስ ይህ መልስ ለብዙ ጊዜ አሳማኝ ይመስለኝ ነበር። የተሻለ ዕቃ ሲመጣ አሮጌው ይወድቃል። የ2023ቱ ጥናት ግን የዘረመል ተመራማሪዎች ብቻ የሠሩት አልነበረም፤ የኮስት ሴይሊሽ ሽማግሌዎች፣ ሸማኞችና የታሪክ አዋቂዎች አብረው ሠርተውበታል። እነርሱ የሰጡት ምስክርነት ይህን ቀላል መልስ አይቀበልም። ውሾቹ የቤተሰብ አካል ነበሩ። ብርድ ልብሱም የገበያ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ የክብር ልብስ፣ የጋብቻና የስጦታ ዕቃ ነበር። የፋብሪካ ብርድ ልብስ የሚተካው ብርድ ልብስን ነው፤ የአንዲትን ሴት ክብር አይተካም።

ሌሎቹን ምክንያቶች እንቁጠራቸው። ፈንጣጣ በተደጋጋሚ ገብቶ መንደሮችን ባዶ አደረገ፤ የ1862ቱ አንዱ ብቻ ነው። ሰው ሲያልቅ የሚሸልተውም የሚፈትለውም አለቀ። በ1855 በተፈረመው የፖይንት ኤሊየት ውል መሠረት ሕዝቡ መሬቱን ለቅቆ በተከለለለት ቦታ እንዲሰፍር ተደረገ። በካናዳ በኩል ብርድ ልብስ በብዛት ተሠርቶ በስጦታ የሚታደልበት ፖትላች የተባለው ሥርዓት ከ1885 እስከ 1951 በሕግ ተከለከለ። ሕፃናት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወስደው ከአያቶቻቸው ተለዩ። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ደግሞ ውሾቹን ማርባት ራሱ የተከለከለባቸው፣ እንዲያስወግዷቸው የተገደዱባቸው ቦታዎች ነበሩ።

ርካሹ ብርድ ልብስ ምንም ድርሻ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ለማለት የምፈልገው ገበያ ብቻውን ዕውቀትን አይገድልም ነው። ዕውቀት የሚሞተው ዐዋቂው ሲሞት፣ ዕውቀቱ የሚከበርበት ቦታ ሲዘጋና ልጁ ከአያቱ ጎን ሲነሣ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ርካሹ ብርድ ልብስ የሚመጣው ለቀብሩ ነው።

የእኔ ድርሻ

እዚህ ላይ ጽሑፌን ዘግቼ ባዕድን መውቀስ ይቀለኝ ነበር። ግን አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

አምስት ኪሎ የምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ አያቴ ከመንዝ ዝተት ላኩልኝ። ራሳቸው የፈተሉት ነው። ክረምት ነበር፤ የተማሪው መኝታ ቤት ይበርድ ነበር። እኔ ግን ዝተቱ ጸጉሩ ይኮሰኩሳል፣ ጠረኑም የገጠር ነው ብዬ አፈርሁበት። የክፍል ጓደኞቼ ሳያዩት አልጋ ሥር ከተትሁት፤ ወሩ ሳያልቅ ለአንድ ዘበኛ ሰጥቼ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገዛሁ። አያቴ ወደ አዲስ አበባ መጥተው «ዝተቱስ ይሞቃል?» ሲሉኝ «እጅግ ይሞቃል» አልኳቸው። ዛሬ በሕይወት የሉም።

ማንም ፈንጣጣ አላመጣብኝም። ማንም በሕግ አልከለከለኝም። ከአያቴ ጎን ያስነሣኝ የራሴ ሐፍረት ነው። ስለ ሴይሊሽ ሴቶች ሳነብ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። እነርሱን ለመበጠስ ወረርሽኝ፣ ውልና አዋጅ አስፈልጓል። እኔ ግን ለአንዲት የመንዝ ሴት ልፋት ጀርባዬን ለመስጠት የጓደኞቼ ሳቅ ስጋት ብቻ በቅቶኛል።

ደግነቱ የእኛ ክር ገና ጨርሶ አልተበጠሰም። የመንዝ በግ አለ። የሚፈትሉ እናቶች አሉ። የሚሸምኑ አሉ። የኮስት ሴይሊሽ ሸማኞችም ቢሆኑ ውሾቻቸውን ቢያጡም ሽመናቸውን በበግና በፍየል ጸጉር አስነሥተው ዛሬ ልጆቻቸውን እያስተማሩ ነው። እኛ ደግሞ በጉንም ዐዋቂውንም ይዘን ዝም ማለታችን ያስተዛዝባል።

ጥናቱን ካነበብሁ በኋላ ለእናቴ ስልክ ደወልሁ። የበጉ ጸጉር ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ በየትኛው ወር እንደሚሸለት፣ ክሩ ወፍራም ወይም ቀጭን የሚሆነው በምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጥቂቱን ነገሩኝ። ከዚያ «ይኼን እጅ እንጂ አፍ አያውቀውም፤ መጥተህ እይ» አሉኝ። ዓይናቸው እየደከመ ነው። ለመጪው ዓመት የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ፤ ልጄም ከእኔ ጋር ትሄዳለች። የቪዲዮ ካሜራ እንይዛለን፤ እንዝርቱን የምትይዘው ግን እሷ ናት።

ውድ አንባብያን፣ ብዙዎቻችን እናቶቻችንን በልጅ መውለድ፣ በምርቃት ወይም በበጋ ዕረፍት ወደምንኖርበት አገር እናመጣለን። ቀኑን ሙሉ ቤት ዘግተንባቸው ወደ ሥራ እንሄዳለን፤ ማታ ቴሌቪዥን እንከፍትላቸዋለን። እስቲ አንድ ማታ እንኳ ስለሚያውቁት ነገር እንጠይቃቸው፤ ስለ ክሩ፣ ስለ እንስራው፣ ስለ ጠላው፣ ስለ ቆጮው። ሲሠሩት እንቅረጸው፤ ከተቻለም አብረን እንሥራው። ያኔ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን ትርጉም ይኖረዋል። የሚያብረው ድር ግን አስቀድሞ መፈተል አለበት።

መቻል ይህን ስጽፍ ከእግሬ ሥር ተኝቷል። ጸደይ ነውና እያረገፈ ነው። የዛሬውን አበጥሬ ከረጢት ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ካለፈው ሳምንት ጋር ሲመዘን ሦስት መቶ ግራም ያህል ሆኗል። አልጥለውም።

ቸር ይግጠመን።

ከሲያትል፣ ዋሽንግተን